‹‹ዕድሜ ለንስሐ›› ማለት እርጅና ለንስሐ አይደለም

አዛውንት ሲመርቁ ‹‹ዕድሜ ለንስሐ፣ ዘመን ለፍሥሐ ይስጥልን›› ይላሉ፤ እኛም ‹‹አሜን›› እንላለን። ቃሉ ግን ከአፋቸው ወጥቶ ጆሯችን እስኪደርስ መንገድ ላይ ይለወጣል። እነሱ ‹‹ዕድሜ›› ያሉትን እኛ ‹‹እርጅና›› ብለን እንሰማዋለን። ስለ ዛሬ የተባለው ምርቃት ጉልበት ሲደክም፣ ልጆች ሲዳሩ፣ ጡረታ ሲወጣ ወደሚደርስ ቀጠሮ ይዞራል። ይህን አመለካከት ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ የሚሟገትለት ሰው የለም፤ አብዛኞቻችን የምንኖረው ግን በእሱ ነው። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ዘወትር ማስቀደስ ሲጀምር ‹‹ልትመነኩስ ነው እንዴ?›› ይባላል። አንዲት ወጣት ቆረበች ከተባለ ‹‹ምን ገጥሟት ይሆን?›› ይከተላል፤ ያው ጥያቄ ስለ ሰባ ዓመት እናት ቢነሣ ግን ሰሚውን ያስቃል። እሑድ ጠዋት በየደብሩ አጥር ዙሪያ የሚሆነውን ተመልከቱ። ልጅ እናቱን ከመኪና ያወርዳቸዋል፤ ነጠላቸውን ያስተካክልላቸዋል፤ በክንዳቸው ደግፎ ደጀ ሰላሙ ድረስ ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ ተመልሶ የመኪናውን ወንበር ወደ ኋላ ለጠጥ ያደርግና ስልኩን ይከፍታል። ቅዳሴው ሲያልቅ ሊወስዳቸው ነው። ይህ ልጅ ክፉ አይደለም፤ እምነትም አላጣም፤ ጾሙን ይጾማል፤ ማተቡን አልበጠሰም። ተራው ገና እንዳልደረሰ ብቻ ነው የሚያስበው። ሙግቴ ከዚህ ‹‹ተራ›› ከሚባለው ነገር ጋር ነው።

ተራው በሐሳብ ብቻ አልቀረም፤ በቁርባን ሰዓት በዓይን ይታያል። በብዙ አጥቢያዎች የሚቀርቡት በአንድ በኩል እናቶቻቸው ያቀፏቸው ሕፃናት፣ በሌላ በኩል ምርኩዝ የያዙ አረጋውያን ናቸው፤ መካከሉ ሳስቶ ይቀራል። በጣና ዳር በዘጌ ተቀምጦ ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ቶም ቦይልስተን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ አስተውሏል፤ ለማወቅ ግን ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ እሑድ ቆሞ ማየት ይበቃል። በገጠር ባልና ሚስት ልጅ ወልደው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ ከዚያ በኋላ አብረው መቁረባቸው ‹‹ወግ›› ሆኗል። በከተማ በሰንበት ትምህርት ቤትና በግቢ ጉባኤ ያለፈው ትውልድ ይህን መስመር መስበር ጀምሯል፤ ሐቁ መነገር አለበት። ግን እሱም ትዳር ሲይዝ፣ ሥራ ሲበዛበት፣ ብዙ ጊዜ ወደ አሮጌው መስመር ይመለሳል። የሚገርመው ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ እንዲህ ያለ ተራ አለማወቋ ነው። ወንድ ልጅን በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅን በ80 ቀኗ አጥምቃ ያንኑ ዕለት ታቆርባለች። ረቡዕና ዓርብን ስታጾም፣ ወሩን በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም ስትከፋፍል፣ የአምስት ዓመት ልጅ እንዳቅሙ፣ የአርባ ዓመት ነጋዴም እንዳቅሙ እንዲኖርበት ነው። እሷ በ80 ቀን የጀመረችውን እኛ በ80 ዓመት እንቀጥለዋለን ብለን እናቋርጠዋለን።

ስሕተቱ የእኛ ፈጠራ ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ልክ አይሆንም። አስራ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ክርስትናን ከስደት አውጥቶ፣ በ325 እ.ኤ.አ. የኒቅያን ጉባኤ ጠርቶ፣ ራሱ የተጠመቀው በ337 በሞት አፋፍ ላይ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ የሚያደርጉት ብዙዎች ነበሩ። ስሌታቸው ቀላል ነው፦ ጥምቀት ያለፈውን ኃጢአት ሁሉ ካጠበ፣ ልብስ ካደፈ በኋላ አንዴ ማጠብ ይሻላል። ባስልዮስ፣ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት፣ ዮሐንስ አፈወርቅ በዚህ ስሌት ላይ አጥብቀው ሰብከዋል። ዮሐንስ አፈወርቅ በተለይ በአንጾኪያ ሲሰብክ የነገሩን አስከፊነት በሥዕል አሳይቷል፤ ታማሚው አልጋ ላይ ነው፤ ቤተ ዘመድ ያለቅሳል፤ የሚባለውን ለመስማት እንኳ አቅም የለውም፤ ካህኑ ሲገባ ደግሞ ቤቱ ተስፋ መቁረጡን ያረጋግጣል። ይህ የአንጾኪያ ሥዕል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዛሬም ቄስ ወደ በሽተኛ ቤት ሲጠሩ ጎረቤት ‹‹አለቀለት ማለት ነው›› ይላል። ሕፃናትን ማጥመቅ ስለጸና ጥምቀትን ማዘግየት ቀረ፤ ስሌቱ ግን አልሞተም፤ ወደ ንስሐና ወደ ቁርባን ቤቱን ቀየረ እንጂ። በባስልዮስና በዮሐንስ አፈወርቅ ስም በተጠሩት ቅዳሴያት እየቀደስን፣ አባቶቹ የተሟገቱትን ልማድ መልሰን መትከላችን ማንንም አለማሳፈሩ ይደንቀኛል።

እርጅናን ለንስሐ የቀጠረ ሰው፣ እርጅናን ቀርቦ አላየውም። በዓይነ ሕሊናው የሚታየው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዳዊት የሚደግም፣ የተረጋጋ፣ ጊዜ የተረፈው ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ ነገር እዚያ መድረሱን ማን ነገረው? በ1990 እ.ኤ.አ. አካባቢ በኢትዮጵያ ለተወለደ ሕፃን የሚጠበቀው አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ 65ን አልፏል፤ እሰየው ነው። ያም ሆኖ ከመቶው ሕዝባችን 65 ዓመት የሞላው 3 ሰው ገደማ ነው። የዚህ ትልቁ ምክንያት የወጣቱና የሚወለደው ብዛት ስለሆነ፣ ቁጥሩን ለማስፈራሪያ አላነሣውም፤ ግን በዓይናችን የምናያቸው አረጋውያን የደረሱት ብቻ መሆናቸውን ያስታውሰናል። ያልደረሱት አይታዩም። የደረሰውስ ምን ይጠብቀዋል? ጉልበት ለስግደት አይታጠፍም። ሐኪም ‹‹መድኃኒቱን በባዶ ሆድ እንዳይወስዱ›› ስላለ ጾሙ ይቀራል። የዳዊቱ ፊደል ይጠፋል። ቅዳሴው ላይ ቆሞ ሁለት ሰዓት መቆየት በመቋሚያ ተደግፎም ይከብዳል። መጽሐፈ መክብብ በ12ኛው ምዕራፍ እርጅናን ሊፈርስ በተቃረበ ቤት መስሎ፣ የሚንቀጠቀጡትን እጆች፣ ያነሱትን ጥርሶች፣ የደበዘዙትን ዓይኖች አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ የሚቆጥረው ደግሞ ፈጣሪህን በጉብዝናህ ወራት አስብ ለማለት ነው እንጂ እስከዚያ ጠብቅ ለማለት አይደለም። አእምሮም አለ። የመርሳት ሕመም የያዛቸው ሰዎች የትናንቱን እንግዳ፣ የልጅ ልጃቸውን ስም ይዘነጋሉ፤ በልጅነት የተጠና፣ ሺህ ጊዜ የተደገመ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ረጅም ይቆያል። ስድሳ ዓመት ሙሉ ያልተቋረጠ ‹‹አቡነ ዘበሰማያት›› ከሌላው ሁሉ በኋላ ይሄዳል። በሰባ አምስት ዓመት የተጀመረው ግን ከትናንቱ ጋር አብሮ ይረሳል። ስለዚህ እርጅና የሚጀመርበት ሳይሆን የቀረው የሚታይበት ጊዜ ነው። የራሳችን ተረት እንኳ ‹‹ሲያረጁ አምባር ይዋጁ›› ብሎ ይስቃል፤ ለአምባሩ የሳቅነውን ለነፍሳችን አቅደን እንተኛለን።

ሌላም አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ሰው በእርጅና ይተዋቸዋል የተባሉት ኃጢአቶች ብዙዎቹ የሥጋ ናቸው፤ ዝሙት፣ ስካር፣ ዳንኪራ። እነዚህን የሚተው ሰው መተዉን በጥንቃቄ ይመርምረው፤ ምናልባት ኃጢአት እሱን ትቶት ሊሆን ይችላል። አቅም አጥቶ መቆም ከመመለስ ጋር አንድ አይደለም። በአንጻሩ የእርጅና ኃጢአቶች ጉልበት አይጠይቁም፤ ሰውነት ሲደክም እነሱ ይጠነክራሉ። ቂም አልጋ ላይ ተኝቶም ይያዛል። ስስት ሳጥን በመቆለፍ ብቻ ይኖራል። ከልጆች መካከል አንዱን አቅርቦ ሌላውን ማራቅ፣ በውርስ ማስፈራራት፣ በእርግማን መግዛት፣ የምራትን ወጥ በየዕለቱ ማጣጣል፣ እነዚህ ሁሉ የሰማንያ ዓመት ሰው በደንብ የሚችላቸው ናቸው። ‹‹የወጣትነት ኃጢአት›› እስኪያልፍ እጠብቃለሁ ያለ ሰው አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ክፍት ትቶ ነው። በዚያ ላይ ንስሐ በነፍስ አባት ፊት በሚነገር ቃል ብቻ አያልቅም፤ የተወሰደ ይመለሳል፣ የተበደለ ይካሳል። ድንበሩን የገፉበት ወንድም፣ ደመወዟን የከለከሏት የቤት ሠራተኛ፣ በሐሰት የመሰከሩበት ጎረቤት አርባ ዓመት ቆመው አይጠብቁም። ሰውዬው በ78 ዓመቱ ልቡ ሲሰበር ሊክሰው የሚፈልገው ሰው መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል። ኢያሪኮ ውስጥ ዘኬዎስ ገና የቀራጮች አለቃ ሳለ፣ ገንዘቡ በእጁ፣ የበደላቸውም ሰዎች በከተማው ሳሉ ነው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው። ዘኬዎስ ጡረታ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ሐሳብ ብቻ ይኖረው ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ የአሥራ አንድ ሰዓቱ ሠራተኛ። ማቴዎስ በ20ኛው ምዕራፍ የጻፈውን የወይኑን ባለቤት ምሳሌ የማያውቅ የለም፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ የሰዓቱ አቆጣጠር ከእኛው ጋር አንድ ስለሆነ ማስታወሻ አይፈልግም፤ ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት የገባው ከማለዳው ጋር እኩል ዲናር ተቀበለ። ታዲያ ለምን በማለዳ እንገባለን? ምሳሌውን ግን እንደገና እንየው። ባለቤቱ እነዚያን ሰዎች ለምን ሥራ ፈትታችሁ ቆማችሁ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ የሚቀጥራቸው እንዳጡ ነው የመለሱት። ቀኑን ሙሉ ገበያ ላይ ቆመዋል። በሦስት ሰዓት ተጠርተው ‹‹በአሥራ አንድ እንመጣለን፤ ክፍያው ያው ነው›› ያሉ ሰዎች በምሳሌው ውስጥ የሉም፤ ቢኖሩ ኖሮ ምሳሌው ሌላ በሆነ ነበር። በክርስቶስ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማንም እንዲሁ ነው። የተነገረን የጠራው ድምፅ በደረሰው ሰዓት መመለሱን ነው፤ የቀጠረው ነገር አልነበረም። ምሕረቱ ለዘገየ ሁሉ ክፍት መሆኑን አልክድም፤ ይህን የሚክድ ሰው ወንጌሉን ይክዳል። የምክደው ምሕረቱን የቀን መቁጠሪያ ላይ ጽፎ ማስቀመጥን ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ ግን ይህ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ‹‹ወጣት ነኝ፤ ዛሬ ቆርቤ ነገ ብወድቅስ? ሳይገባው የበላ ዕዳ እንዳለበት ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል፤ ከመድፈር መራቅ ይሻላል›› የሚል ሰው ቅዱሱን ነገር አክብሮ ነው የሚናገረው። በዚህ ፍርሃት ላይ ማሾፍ አልፈልግም፤ ከግዴለሽነት ይሻላል። ግን ሐዋርያው የጻፈላቸው የቆሮንቶስ ሰዎች ጥፋታቸው ምን ነበር? ባለጠጋው እየጠገበ ድኻው ሲራብ በአንድ ማእድ መቀመጣቸው ነው፤ ወጣት መሆናቸው አልነበረም። ሐዋርያውም ሰው ራሱን ይመርምር፣ ከዚያም ይብላ አለ እንጂ ሰው ይጠብቅና ያርጅ አላለም። ደግሞ ፍርሃቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ሌላውን ነገር ሁሉ በነካ ነበር። ከቁርባኑ ፈርቶ የራቀ ሰው፣ ከሚዛን ማጉደል ግን ካልራቀ፣ የፈራው እግዚአብሔርን ሳይሆን ወሬውን ነው፤ ‹‹ቆርቦ እንዲህ አደረገ›› መባልን። ከዚህ የሚያስጥለው የነፍስ አባት ነው፤ በዓመት አንዴ በጥምቀት ሰሞን ውሃ ሊረጩ የሚመጡት አባት ሳይሆኑ፣ ውድቀቱንም መነሣቱንም ከዓመት ዓመት የሚያውቁት። እንዲህ ያለ አባት በሰባ ዓመት በአንድ ጊዜ አይገኝም።

ታዲያ እስከ እርጅና ድረስ ባለው ረጅም ጊዜ ምን ይደረጋል ለሚል፣ መልሱ ከቤት አይርቅም። ከሽንኩርት ልጣጭም ከጀበና ክዳንም ስብከት የሚያወጡ ጽሑፎች በቴሌግራም ሞልተዋል፤ እኔ ያንን እያልኩ አይደለም፤ ዕቃውን ሁሉ ምሳሌ ማድረግ ዕቃውንም ምሳሌውንም ያረክሳል። የዕለት ኑሮ የሚሰጠው ከትምህርት ይልቅ ልምምድ ነው። ክርስቶስ ግን አንዲት ሴት በዱቄት ውስጥ ስለምትሸሽገው እርሾ ተናግሯልና፣ እርሾን ላንሣ። እንጀራ የምትጋግር ሴት ከሊጡ ለነገ ሳታስቀር ቡሃቃውን አታጥበውም። እርሾ ያላስቀመጠች ቀን ሊጧ እንደ ወትሮው አይቦካላትም፤ ደግነቱ ከጎረቤት ትለምናለች። የአምስቱ ሰነፎች ቆነጃጅት ዘይት ግን ከጎረቤት አልተገኘም። በሃምሳ ዓመት ውስጥ በየዕለቱ ትንሽ ያስቀመጠ ሰው እርጅናው ላይ የሚነሣ ነገር አለው፤ በታክሲ ሰልፍ ላይ ምላሱን የገታ፣ በደመወዝ ቀን አስቀድሞ ለችግረኛ የለየ፣ ለሚስቱ ‹‹አጥፍቻለሁ›› ማለትን በሠላሳ ዓመቱ የተለማመደ ሰው። ሙሴ ቁጥቋጦው ሲነድ ያየው ለመንፈሳዊ ሕይወት ጊዜ ስላገኘ አልነበረም፤ የአማቱን በግ ሲጠብቅ ነበር።

እርጅናም ራሱ በስድሳ ዓመት የልደት ቀን በር አንኳኩቶ አይገባም። በአርባዎቹ መጀመሪያ ሰው ስልኩን ከዓይኑ ማራቅ ይጀምራል። ከዚያ አንድ ቀን እናት ለልጇ መርፌና ክር ታቀብልና ‹‹እስቲ አስገቢልኝ›› ትላለች። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ግን የሚመጣው ሁሉ በውስጡ አለ። በዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ ለጴጥሮስ የተነገረው ይኸው ነበር፤ ወጣት ሳለ ወገቡን ራሱ ይታጠቅ የነበረ ሰው ሲሸመግል ሌላ ያስታጥቀዋል። መርፌውን ስታቀብል ያልተበሳጨች እናት፣ ሰማንያ ሲሞላት ጫማዋን ልጇ ስታስርላት አታለቅስም። ዕድሜውን ሁሉ ‹‹ማንም አያስፈልገኝም›› ብሎ የኖረ ሰው ግን መታጠቡንም መጉረሱንም እንደ ውርደት ይቀበለዋል፤ የሚያስታምመውንም ሰው ይቀጣዋል። ትሕትና ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር የለም፤ ግን ትምህርቱ የሚጀመረው በመርፌው ቀን ነው።

‹‹እርጅና ለንስሐ›› የሚለው አመለካከት የሚጎዳው ወጣቱን ብቻ ቢሆን ሙግቱ እዚህ ባበቃ ነበር። አረጋውያንንም ይበድላል። ሰባ የሞላውን ሰው ‹‹ከእንግዲህ ሥራዎ መጸለይ ነው›› እያልን ከጉዳያችን ሁሉ ስናወጣው፣ አክብረነው ሳይሆን ወደ መጠበቂያ ክፍል አስገብተነው ነው። መጠበቂያ ክፍሉም ባዶ አይደለም። በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ከተሞች የልጅ ልጅ ለማሳደግ የተጠሩ ብዙ እናቶች አሉ፤ ‹‹ልጆቼ ይደጉልኝ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አልጠፋም›› ብለው የኖሩ፣ ዛሬ በሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሕፃን ይዘው የሚውሉ፣ እሑድ የሚያደርሳቸው መኪና የሚለምኑ። የቀጠሩት ጊዜ ሲመጣ የራሳቸው አልሆነም። ሉቃስ በ2ኛው ምዕራፍ የጻፈላት ነቢይት ሐና የ84 ዓመት መበለት ሆና በመቅደስ የተገኘችው እርጅና ነፃ ስላወጣት አይደለም፤ ከሰባት ዓመት ትዳር በኋላ መበለት ከሆነች ጀምሮ ከዚያ አልተለየችም። ሕፃኑ ሲመጣ ያወቀችው ለዚህ ነው። ትውፊታችንም የደብረ ዳሞውን ዘሚካኤልን ‹‹አረጋዊ›› ብሎ የጠራው ገና በለጋነቱ በነበረው ብስለት እንደሆነ ያስተምራል። ሽምግልና ይህን ስም ላወጡለት አባቶች የዕድሜ ቁጥር አልነበረም። እኛ ግን ስሙን በጥቅምት 14 እያከበርን፣ ነገሩን ለጡረታ አስቀምጠነዋል።

ስለዚህ ለዚያ መኪና ውስጥ ለሚጠብቀው ሰው የምለው አንድ ነገር ነው። እናትህን በክንዳቸው ደግፈህ ማድረስህ መልካም ነው፤ ከአሥርቱ ትእዛዛት አንዱን እየፈጸምክ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ግን ደጀ ሰላሙ ላይ እጃቸውን አትልቀቅ። ሞተሩን አጥፋ፣ ስልኩን መኪናው ውስጥ ተወው፣ ነጠላህን አጣፋና አብረህ ግባ። ቅዳሴው የሚጀምረው ለሁለታችሁም በአንድ ሰዓት ነው።